ቃል የሌለው ቅኔ፦ ስለ ዋልያስ «ቼ በለው»

እኛ ዘፈንን የምንመዝነው በግጥሙ ነው። አንድ ዜማ በሬዲዮ ሲለቀቅ ጆሯችን አስቀድሞ የሚያሳድደው ቃሉን ነው። ምን አለ? ማንን ነካ? ሰሙ የቱ፣ ወርቁስ የቱ? አዝማሪው ማሲንቆውን እንዴትም አሳምሮ ቢገዘግዘው ግጥሙ ከሳሳ ሸላሚ አያገኝም፤ ግጥሙ ከሰላ ግን ድምፁ ቢሻክር እንኳ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ይህ የሚያሳፍር ልማድ አይደለም፤ እንዲያውም የምንኮራበት ነው። ይሁን እንጂ በልማዱ ጥላ ሥር አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ኖሯል። ለመሆኑ ቃሉን ብናነሣው ሙዚቃችን በራሱ እግር ይቆማል ወይ?

ለዚህ ጥያቄ በድፍረት መልስ የሰጠ አንድ ሸክላ አለ። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) ማይክራፎኑን ይዞ ከፊት የሚቆም ዝነኛ ድምፃዊ የለውም። ኦርጋን፣ ጊታር፣ ባስ፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔትና ድራም ዘፋኝ በሌለበት ቤት ተሰብስበው እርስ በርሳቸው ይጨዋወታሉ። ዛሬ ይህ ሸክላ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ሙዚቃ ወዳዶች ከሚፈልጓቸው የኢትዮጵያ ሥራዎች አንዱ ሆኗል። በእኛ ዘንድ ግን እንደ አንድ ሙሉ የጥበብ ሥራ ተቀምጦ ሲመረመር እምብዛም አላየሁም። የምንሰማው ሌላ ሥራ እየሠራን ነው።

ክርክሬን ገና ከበሩ ላይ ላስቀምጠው። የዋልያስ ትልቅነት የፈረንጅ መሣሪያ መያዛቸው አይደለም፤ ያንንማ ከእነሱ በፊት የክብር ዘበኛም፣ የፖሊስም፣ የጦር ሠራዊትም ኦርኬስትራ ይዞታል። ትልቅነታቸው ቃል በነገሠበት አገር ዜማን ለብቻው ማንገሣቸው ነው።

ጊዜው በዓለምም የባንዶች ዘመን ነበር። በእንግሊዝ «ፕሮግሬሲቭ ሮክ» የሚባለው ስልት ዘፈንን ከሦስት ደቂቃ አጥር አስወጥቶ ለመሣሪያዎች ሰፊ ሜዳ ሰጥቷቸው ነበር። ፒንክ ፍሎይድ በ1973 «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» የተባለውን አልበም በለንደኑ አቤይ ሮድ ስቱዲዮ ቀርፆ ሲያወጣ አልበሙ ቡድኑን ከጥቂቶች ወዳጅነት ወደ ዓለም አደባባይ አወጣው። በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 1988 ድረስ በጠቅላላው 741 ሳምንት ቆይቷል። ከዚያ አልበም ውስጥ እጅግ ከሚወደዱት ክፍሎች አንዱ ደግሞ ቃል የለውም። ክሌር ቶሪ የተባለች ድምፃዊት ያለ አንዲት ቃል በድምፅዋ ብቻ የምትጮህበት፣ የምታለቅስበትና የምትረጋጋበት ነው። ለዚያ ሥራ በጊዜው የተከፈላት 30 ፓውንድ ሲሆን የዜማው ተባባሪ ደራሲ ተብላ ስሟ የሰፈረው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2005፣ ያውም ከክስ በኋላ ነው። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ቃል የሌለው ሙዚቃ ባለቤቱን ለማስረሳት ምን ያህል የተመቸ እንደሆነ ታሳያለችና።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ዋልያስ የተሰባሰቡት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በቬነስ ክለብ ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞች ናቸው አንድ ላይ የቆሙት። ስማቸውን የወሰዱት ከሰሜን ተራሮች በቀር በሌላ የዓለም ክፍል ከማይገኘው ዋልያ ነው፤ ለሚሠሩትም ሥራ የተገባ ስም ነበር። ከዚያ በፊት አብዛኛው ሙዚቀኛ የተቋም ሰው ነበር። ደመወዙ ከመንግሥት ወይም ከክለቡ ባለቤት ነው፤ የሚነፋው ሳክስፎን እንኳ የራሱ አይደለም። ሸክላ ማሳተምም ቢሆን ለአገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ መብት ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ በ1969 አምሐ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ ነው ያንን ደፍሮ በግሉ ማሳተም የጀመረው። የዋልያስ ልጆች ከዚህ አንድ እርምጃ አለፉ፤ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው፣ ራሳቸው ተዋውለው የሚሠሩ ባለሙያዎች ለመሆን ታገሉ። ሙዚቀኛ የራሱ ጌታ ሲሆን «ዘፋኙ ቢቀርስ?» ብሎ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኛል።

ከዚያም ሂልተን ሆቴል ገቡ። በ1969 የተከፈተው ይህ ሆቴል ለዋልያስ የዓመታት ቤታቸው ሆነ። እዚያ የሚመጣው እንግዳ ዲፕሎማት፣ ነጋዴ፣ ባለሥልጣን፣ የውጭ ጎብኚ ነው። ለእራት የሚስማማ ለስላሳ፣ ለዳንስ የሚሆን ሞቅ ያለ፣ ከኪንግ ከርቲስና ከማሴዮ ፓርከር ሳክስፎን የተማሩት ፈንክ፣ ከትግርኛውም ከአማርኛውም የተወሰደ የአገር ዜማ፣ ሁሉንም ይጫወታሉ። ደርግ ሰዓት እላፊ ባወጀ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እኩለ ሌሊት ካለፈ መውጣት የለምና ወደ ጭፈራው የገባ ሰው እዚያው ሊነጋበት ነው። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ይህን ሳስብ አንድ ነገር ይታየኛል። ውጭ ቀይ ሽብር ነው፤ ውስጥ ደግሞ ስድስት ሰባት ሙዚቀኞች ሌሊቱን ማሳለፍ አለባቸው። ድምፃዊ ይደክማል፤ ግጥምም ያልቃል። የማያልቀው ዜማ ነው፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየተቀበለ እንደ ዥረት ይወርዳል። «ቼ በለው» የተወለደው ከእንዲህ ያለው ሌሊት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ምክንያት አይጠፋም። በዚያ ዘመን ግጥም ሳንሱር አለበት። ቃል ይነበባል፣ ይሰረዛል፣ ደራሲውን ያስጠይቃል። ሳክስፎን ግን ምን አለ ተብሎ ይከሰሳል? ዋልያስ ይህን አስበው አደረጉት አልልም፤ ነገር ግን ቃል በሚያስፈራበት ዘመን ቃል የሌለው ሥራ ሙሉ ነጻነት እንደሚያገኝ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

አሁን ሰዎቹን ልጥራ፤ በዚህ ዓይነት ሥራ ስም መጥራት ግዴታ ነውና። ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ፣ ፒያኖና ቅንብር ላይ ግርማ በየነ፣ ሳክስፎን ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፣ ጊታር ማሕሙድ አማን፣ ባስ መላከ ገብሬ፣ ድራም ተማረ ሐረጉ። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎኑ ተባብሯቸዋል። ሙላቱ በውጭ አገር ተምሮ ኢትዮ ጃዝን በጥናት የመሠረተ ሰው ነው፤ ዋልያስ ግን ወደዚያው ተራራ የወጡት በሌላ በኩል፣ በማታ ክለብ ዳገት ነው። በዚህ ሸክላ ላይ ሁለቱ መንገዶች ተገናኝተዋል።

ኃይሉ መርጊያ የተወለደው በ1946 ደብረ ብርሃን ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የመጣው በ10 ዓመቱ ገደማ ነው። ይህ ነገር ለኔ ትርጉም አለው። እኔ የመንዝ ዘመሮ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃንና መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ አንድ ደጋ ናቸው፤ ያው ብርድ፣ ያው ገብስ፣ ያው ባና የደረበ እረኛ። በዚያ አገር ያደገ ሰው የቃልን ኃያልነት ያውቃል፤ ፉከራውን፣ ቀረርቶውን፣ የሠርጉን ግጥም ይዞ ያድጋል። ነገር ግን ሌላም ነገር ይዞ ያድጋል። ከጓሳው ሣር መሐል ከሸምበቆ የተበሳው ዋሽንት ሲሰማ ምንም ቃል የለውም። እረኛው የሚነፋው ለራሱ፣ ለበጎቹና ለጉሙ ነው። አዳማጭ ቢኖር ማዶ ካለው ተረተር ላይ ያለ ሌላ እረኛ ነው፤ እሱም በዋሽንት ይመልስለታል። እምቢልታንም እናስብ። አንዱ ነፊ ያለው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ ብቻውን ዜማ ሊሆን አይችልም። ሦስቱ ተራ በተራ ሲቀባበሉ ግን ሙሉ ዜማ ይወጣል። እንግዲህ መሣሪያ ያለ ቃል መናገሩ ከፈረንጅ የመጣ አይደለም። ከቤተ መንግሥቱ እምቢልታና ከተራራው ዋሽንት ጋር አብሮን ኖሯል፤ የረሳነው እኛ ነን።

አንድ ጊዜ አገር ቤት ላለ አጎቴ «ቼ በለው»ን አስደመጥኩት። «ቼ» ደገኛ ፈረሱን የሚያስነሣበት ቃል ነው፤ ርዕሱን ስነግረው ገና ዓይኑ በራ። ሙዚቃውን ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ፣ «ፈረሱስ መጥቷል፤ ፈረሰኛው ወዴት አለ?» አለኝ። ከዚህ የሰላ ኂስ በጋዜጣም አላነበብኩ። ዘፋኙን እየጠበቀ ነበር። የሸክላው ሙሉ ፈተና በዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ፤ ፈረሰኛ የሌለው ፈረስ ይጋልባል ወይ?

ይጋልባል። ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይጋልብም። የሸክላውን ሥራዎች ሁለት ቦታ እከፍላቸዋለሁ። አንደኛዎቹ ድምፃዊ የቀረባቸው ዘፈኖች ናቸው። «ሎሚ ተራ ተራ»ን የመሰለ ሁሉም የሚያውቀው ዜማ ሲመጣ ኦርጋኑ በዘፋኙ ቦታ ቆሞ ያንኑ መስመር ያዜማል፤ አዳማጩም ግጥሙን በልቡ ይሞላበታል። ደስ ይላል፤ ለስላሳ ነው፤ የኦርጋኑ ድምፅ እንደ ሰው ጉሮሮ ይርገበገባል። ነገር ግን እዚህ ላይ መሣሪያው የሰው ወኪል ነው፤ በሌላ ሰው ወንበር ነው የተቀመጠው። የውጭ አገር አድማጭ ይህን ልዩነት አያየውም። እኛ ግን የጎደለውን ቃል ስለምናውቀው ጉድለቱም ይሰማናል።

ሁለተኛዎቹ ያለ ድምፃዊ የታሰቡ ናቸው። የእነዚህ አውራ «ሙዚቃዊ ስልት» ነው፤ የግርማ በየነ ድርሰት። እዚህ ማንም የማንንም ቦታ አልያዘም። ባሱ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ እንደ ወፍጮ ይዞራል፤ አይሰለችም፣ አይቸኩልም። ነፋሾቹ ተባብረው ከላይ ይገቡበታል፤ ዜማቸው የእኛ ነው፣ አካሄዳቸው ግን ጠመዝማዛ ነው፤ ጥያቄ ጠይቀው መልሱን ሳይሰጡ ይወጣሉ። በዚያ በተተወው ክፍት ቦታ ኦርጋኑ ይገባል። የቅንብሩ ብልኀት ከምንም በላይ በቁጥብነቱ ላይ ነው። ቅኝቶቻችን ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፤ ከአውሮፓ የመጣውን የኅብረ ድምፅ ክምር ቢጭኑባቸው ይሰበራሉ። ግርማና ጓደኞቹ አልጫኑባቸውም። ብዙ ድምፅ ከማነባበር ይልቅ ጥቂት ድምፆችን በጊዜ ማቀባበልን መረጡ። የእምቢልታው ሕግ ነው፤ አንዱ ሁሉን አይልም፣ ሁሉም ተባብረው አንድ ነገር ይላሉ። ቃል የሌለው ቅኔ የምለውም ይህን ነው። ሰሙ የሚያስጨፍረው ምት ነው፤ ወርቁ ከሥሩ ያለው ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

«ቼ በለው» የተባለው ርዕስ ራሱስ? ዓመቱ 1977 ነው፤ በምሥራቅ የሶማሊያ ጦር ድንበር የተሻገረበት፣ ለእናት አገር ጥሪ ሚሊሺያ የተመመበት ዓመት። የፈረሰኛ ርዕስ ለጆሮ አዲስ አልነበረም። ነገር ግን ዋልያስ የፉከራውን ግለት ወስደው ፉከራውን ትተውታል። ማን ማንን እንደሚወጋ የሚናገር ቃል የለም፤ የቀረው ግልቢያው ብቻ ነው። በጦርነት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው በከፊል ያውቀዋል። ሸክላ ማሳተም በ1978 አካባቢ አከተመ፤ ካሴት ተተካ። በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ወደዚያ ለዝግጅት ከተሻገሩት የአገራችን ዘመናዊ ባንዶች የመጀመሪያው እንደሆኑ ይነገራል። ያገኙት አዳማጭ በአብዛኛው ስደተኛው ወገናቸው ነበር። ጉዞው ሲያበቃ አራቱ፣ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ፣ እዚያው ቀሩ። ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ ተመልሰው የባንዱን ስም አዲስ አበባ ላይ አቆዩት። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርድዮንና ሲንተሳይዘር ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ ከዚያ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው በደለስ አውሮፕላን ጣቢያ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ውስጥ በትንሽ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ግርማ በየነ ደግሞ ሙዚቃን ጨርሶ ትቶ ነዳጅ ማደያ ሠራ።

ስኬቱ የመጣው እንደ ዘገየ ደብዳቤ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሲዲ ተከታታይ የድሮዎቹን ሸክላዎች ለዓለም አሰማ። የቦስተኑ «አይዘር ኦርኬስትራ» «ሙዚቃዊ ስልት»ን በ2000 አስቀረፀው፤ በ2004ም አዲስ አበባ መጥቶ ተጫወተ። ከዚያም ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የኃይሉን የአኮርድዮን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 አሳተመው፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ «ቼ በለው»ን አስከተለ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። ግርማም «አካለ ውቤ» ከተባለው የፓሪስ ባንድ ጋር በ2017 አዲስ አልበም አቀረበ። ሠላሳና አርባ ዓመት የተኛ ዘር በባዕድ አፈር በቀለ ማለት ነው።

በዚህ ደስ የማይለው የለም። እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን አድናቆቱን ከነጉድለቱ እንየው። የውጭው አድማጭ የወደደው ምቱን፣ የድሮ ሸክላ ትኩሳቱን፣ ለጆሮው እንግዳ የሆነውን ቅኝት ነው። የታክሲ ሾፌሩ ታሪክም ጣፋጭ ነው፤ በየጋዜጣው ከሙዚቃው ይልቅ ታክሲው ብዙ ተወርቶለታል። ባሱ የሚዞርበት ምት ከየትኛው ጭፈራ እንደመጣ፣ ኦርጋኑ መቼ እንደ ሽለላ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደ ዋሽንት እንደሚያንጎራጉር ሊነግር የሚችለው ግን የእኛ ጆሮ ነው። የእኛ ጆሮ ደግሞ ቃል እየጠበቀ ነው።

እንዲያውም በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ በእኛ አገር የተሰጠውን ሥራ እስቲ እናስተውል። የዜና መሸጋገሪያ ነው። የማስታወቂያ ማጀቢያ ነው። በሠርግ ቪዲዮ ላይ ሙሽሮች ኬክ ሲቆርሱ ከሥር የሚሄድ ነው። በካፌ ወሬያችንን የሚያሞቅ ነው። በነዚህ ሁሉ ቦታዎች የደራሲና የተጫዋች ስም አይጠራም። የዘፋኝ ስም ግን ይጠራል፤ ፊቱም ይታወቃል። የዋልያስን ዜማ እያፏጨ መንገድ የሚያቋርጥ፣ የመላከ ገብሬንና የተማረ ሐረጉን ስም ግን ሰምቶ የማያውቅ ከተሜ ስንት ነው? ክሌር ቶሪ ፍርድ ቤት ነበራት። የእኛ ሙዚቀኞች ያላቸው የእኛ ትውስታ ብቻ ነው፤ እሱም ቃል ካልያዘ አያስቀምጥም።

የኋለኞቹ ባንዶችም ይህን ያወቁ ይመስላሉ። በ2012 ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት የሮክን ጊታር ከነጩኸቱ አስገብቶ ነበር፤ ድፍረቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ጊታሩን ያስገባው አራት ድምፃውያን ከፊት አቁሞ ነው። አልነቅፍም፤ የአገሩ ጆሮ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ዋልያስ የከፈቱት በር ግን በዚያ በኩል አልነበረም። ከእነሱ በኋላ ያለ ቃል ሙሉ አልበም ለሕዝብ አቅርቦ «ይህ ዘፈን አይደለም፣ ይህ ሙዚቃ ነው» ለማለት የደፈሩት ጥቂቶች ናቸው።

እንግዲህ «ቼ በለው» ስኬታማ ሥራ ነው ስንል ሁለት ስኬት እንለይ። አንደኛው የገበያው ነው፤ ተገኝቷል፣ ምንም እንኳ ባለሙያዎቹ ከሸበቱ በኋላ ቢሆን። ሁለተኛው በእኛ እጅ ያለው ነው። ሸክላውን ማጀቢያ ሳናደርገው፣ ወሬ ሳንጨምርበት፣ እንደ ቅኔ ቁጭ ብለን መስማት፤ ባሱ መቼ እንዳረፈ፣ ትራምፔቱ ለምን እንደዘገየ መጠየቅ፤ ስማቸውንም እንደ ገጣሚ ስም መያዝ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የአርባ ደቂቃ ዝምታ ነው። አዲሶቹ ልጆች ቃል የሌለው ሥራ ይዘው ቢመጡም ሰሚ እንዲያገኙ፣ ዝምታውን ከወዲሁ መለማመድ ያለብን እኛ አድማጮች ነን።